እርሳስ የማይጭረው መስታወት፦ የ«9ኤች» እምነት ሲመረመር

በስማርት ስልክ ተጠቃሚዎች ዘንድ ከሞላ ጎደል ሳይጠየቅ የጸና አንድ እምነት አለ። ይኸውም አዲስ ስልክ ከካርቶኑ እንደወጣ ስክሪኑ ላይ ሌላ መስታወት ካልተለጠፈበት ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እየተፋጨ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጭረት ይሞላል፤ ከሚለጠፉት መስታወቶች መካከልም ማሸጊያው ላይ «9ኤች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ለአልማዝ ጥቂት የቀረው ነውና ከሁሉ ይመረጣል የሚል ነው። ይህ እምነት በመርካቶ የስልክ መለዋወጫ ሱቆችም ሆነ በዱባይ የገበያ አዳራሾች በተመሳሳይ ቃል የሚነገር፣ ሻጩም ገዢውም እኩል የሚቀበሉት በመሆኑ ማስረጃ አምጣ የሚለው ሰው አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እምነቱ በሦስት ነገር የተሳሳተ ነው የሚል ነው፤ ጫሪውን በትክክል አልለየም፣ የጥንካሬውን መለኪያ ከሌላ መለኪያ ጋር አምታቷል፣ ተለጣፊው መስታወት የሚሰጠውንም አገልግሎት ከማይሰጠው ጋር ቀላቅሏል። ሦስቱ ስህተቶች ተደምረው ያመጡት ውጤት ደግሞ ጥንቃቄን በዕቃ መተካትና፣ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ጥንቃቄውን እርግፍ አድርጎ መተው ነው።

የቁልፍና የሳንቲም ፍርሃት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከስማርት ስልክ በፊት በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩት እንደ ፓልም ያሉ የእጅ መሣሪያዎች ስክሪናቸው በግፊት የሚሠራ፣ ላዩም እየተጎነበጠ የጣትን ወይም የመጻፊያ ዘንግን ጫና ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ስስ ፕላስቲክ ነበር፤ የዘንጉ ጫፍ በየዕለቱ በተመሳሳይ ቦታ ላይ ሲመላለስ ፕላስቲኩ ይፋቅ ስለነበር ስስ ሽፋን መለጠፍ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ የቀረበው አይፖድ ናኖም ቶሎ ይጫራል በሚል በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ ቀርቦበታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው አይፎን ሳይቀር ፊቱ ፕላስቲክ ነበር፤ አፕል ኩባንያ ሽያጩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በዚያው ዓመት ጁን ወር፣ የስልኩ ፊት ከፕላስቲክ ወደ መስታወት መለወጡን በይፋ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ይህንኑ መንገድ ተከትለው መስታወት ለበሱ። ቁልፍ የሚጭረው ፕላስቲክ ከስልኩ ፊት ሲነሳ የቁልፍ ፍርሃት ግን አብሮ አልተነሳም፤ ይልቁንም ሽፋን መሸጥ ዓለም አቀፍ ንግድ የሆነው ፕላስቲኩ ከቀረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አንድ ነገር ሌላውን መቼ እንደሚጭር ለማወቅ የሚያገለግለው የታወቀ መንገድ ጀርመናዊው የማዕድናት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያዘጋጀው የጥንካሬ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ አሥር ማዕድናትን ከለስላሳው ወደ ጠንካራው በተርታ የሚያስቀምጥ ሲሆን በጥፍር የሚፋቀው ታልክ 1፣ ጂፕሰም 2፣ ካልሳይት 3፣ ፍሎራይት 4፣ አፓታይት 5፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7፣ ቶፓዝ 8፣ ኮረንደም 9፣ አልማዝ ደግሞ 10 ናቸው። ሕጉ አጭር ነው፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭራል፣ ዝቅ ያለው ግን ከፍ ያለውን አይጭርም። ቁጥሮቹ የተርታ ቁጥሮች እንጂ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ እኩል ርቀት ያላቸው መለኪያዎች ስላልሆኑ በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት በ1 እና በ9 መካከል ካለው ሁሉ ይበልጣል፤ ኮረንደም ከአልማዝ በአንድ ቁጥር ብቻ ቢያንስም በፍጹም ጥንካሬ ሲለካ አልማዝ በብዙ እጥፍ ይልቀዋል።

በዚህ ሰንጠረዥ ላይ የሰው ጥፍር 2.5 አካባቢ፣ መዳብና አብዛኛው ቁልፍ የሚሠራበት ናስ 3 አካባቢ፣ የቢላዋ ብረት ደግሞ 5.5 አካባቢ ሲቀመጡ የዘመናዊ ስልክ መስታወት በግምት በ5.5 እና በ6.5 መካከል ይውላል። እንግዲህ የናስ ቁልፍ የስልክ መስታወትን ይጭራል ማለት ለስላሳው ጠንካራውን ይጭራል ማለት ነው። እርግጥ ቁልፍ በስክሪን ላይ በኃይል ሲሳብ አልፎ አልፎ ግራጫ መስመር ትቶ ይሄዳል፤ ይህ መስመር ብዙውን ጊዜ መስታወቱ ውስጥ የገባ ጭረት ሳይሆን ከቁልፉ ተፍቆ በመስታወቱ ላይ የቀረ ብረት በመሆኑ እርጥብ ጨርቅ አጠንክሮ ሲያሸው ይለቃል። መስመሩን ያየ ሰው ግን ሳያሸው ጭረት ነው ብሎ ይደመድማል፤ እምነቱም አንድ ምስክር ይጨምራል።

እውነተኛው ጫሪ በዓይን የማይታየው ወይም ታይቶ የማይቆጠረው አቧራ ነው። ኳርትዝ የአሸዋ ዋነኛ ማዕድን ሲሆን በሰንጠረዡ ላይ 7 ነው፤ ከመስታወት በላይ መሆኑ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነፍሰው የበረሃ አቧራ ኳርትዝ የበዛበት በመሆኑ በሪያድም ሆነ በኩዌት የሚኖር ሰው ኪስ ውስጥ ይህ ማዕድን አይጠፋም። አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ከባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ የተፈጠረ ስለሆነ አፈሩ ኳርትዝ የሚያንሰው ቢሆንም፣ ባዛልት የያዘው ፌልድስፓር 6 በመሆኑ ከስልክ መስታወት ጋር እኩል የሚፎካከር ነው፤ ለግንባታ የሚመላለሰው አሸዋና የተፈጨ ድንጋይ ሲታከልበት ደግሞ በበጋ ወራት የከተማ መንገድ አቧራ ለስክሪን የሚራራ አይደለም። ቁልፍና ሳንቲም ጥፋት ካለባቸው ጥፋታቸው ይህን ደቃቅ ድንጋይ በጥርሳቸውና በጠርዛቸው ይዘው ወደ ኪስ ማስገባታቸው፣ አስገብተውም በመስታወቱ ላይ መጫናቸው ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ከቅርብ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አቧራ የጠጣ ስክሪን ደርቆ ሳለ በሸሚዝ እጅጌ ወይም በነጠላ ጫፍ ሲወለወል፣ ከጨርቁ ክሮች መካከል የተቀረቀረች፣ ከሰው ፀጉር የማትወፍር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የጣቱን ግፊት በሙሉ በአንዲት ሹል ጫፏ ላይ ተሸክማ ትጎተታለች። የጣቱ ኃይል ትንሽ ቢሆንም የተጫነበት ስፋት እጅግ ከማነሱ የተነሳ በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ጫና መስታወቱ ከሚሸከመው በላይ ይሆናል፤ ቅንጣቷም ባለፈችበት ሁሉ ቦይ ትቆፍራለች፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ደቃቅ ስንጥቆች እየተከፈቱ የመስታወት ቅርፊት ያነሳሉ። ስክሪኑ ጠፍቶ በፀሐይ አግድም ሲታይ ፀጉር መስሎ የሚያበራው መስመር ይኸው ቦይ ነው፤ ብርሃኑን የሚበትኑትም እነዚያ ቅርፊቶች ናቸው። ስለዚህ ስልኩን ላጽዳ ብሎ የተነሳ ሰው በዚያች ቅጽበት ከየትኛውም ቁልፍ ይልቅ ለስክሪኑ አደገኛ ነው።

ወደ ሁለተኛው ስህተት ስንሻገር «9ኤች» የሚለው ጽሑፍ ይጠብቀናል። አብዛኛው ገዢ ይህን ቁጥር ሲያይ የሚገምተው በሞስ ሰንጠረዥ ላይ ያለውን 9፣ ማለትም የሳፋየርን ደረጃ ነው፤ ሳፋየር ንጹሕ ኮረንደም በመሆኑ የሚጭረው አልማዝና እንደ አልማዝ ጠንካራ የሆኑ ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው። «9ኤች» ግን ከሞስ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። የተወሰደው ከእርሳስ ነው። የሥዕልና የንድፍ እርሳሶች ከለስላሳው 9ቢ ጀምሮ በኤችቢ በኩል አልፈው እስከ ጠንካራው 9ኤች ድረስ የሚደረደሩ ሲሆን ልዩነታቸውም በውስጣቸው ያለው የግራፋይትና የሸክላ መጠን ነው። የቀለምና የቫርኒሽ አምራቾች አንድ ቀለም ደርቆ ምን ያህል እንደጠነከረ ለማወቅ እነዚህን እርሳሶች ይጠቀማሉ፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ ይህን ፍተሻ በቁጥር 15184 መዝግቦታል። የእርሳሱ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሞረዳል፣ በ45 ዲግሪ ተዘንብሎ 750 ግራም ክብደት ይጫንበታል፣ በቀለሙም ላይ ወደፊት ይገፋል፤ ቀለሙን ሳይጎዳ ያለፈው ጠንካራው እርሳስ የቀለሙ ደረጃ ይሆናል።

ፍተሻው ለተሠራለት ዓላማ ጥሩ ነው፤ ለቀለም ተሠርቷልና። ለመስታወት ሲውል ግን ምንም የማይለይ ፍተሻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ግራፋይት በሞስ ሰንጠረዥ ከ2 የማይበልጥ ለስላሳ ነገር ነው፤ ሸክላው ተጨምሮበት እጅግ ጠንካራው እርሳስ እንኳ ከተራ የመስኮት መስታወት ጥንካሬ አይደርስም። ስለዚህ የመስኮት መስታወት፣ የሻይ ብርጭቆ፣ የሞተ አምፖል ቢፈተኑ ሁሉም 9ኤች ያገኛሉ። ሁሉም ተፈታኝ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝበት ፈተና የአንዱን ብልጫ ለማሳየት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሐሰት አይደለም፤ የተለጠፈውን መስታወት እርሳስ አይጭረውም፤ ነገር ግን ስልኩን በእርሳስ ይጭሩብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው የለም። ገዢው የሚሳሳተው በተጻፈው ሳይሆን በተተወው፣ ማለትም መለኪያው የማን እንደሆነ ባለመጻፉ ነው፤ ሻጩም ይህን ዝምታ የሚያፈርስበት ምክንያት የለውም።

ይህ ማምታታት እስከ ምን እንደሚሄድ የሚያሳየው «ፈሳሽ መስታወት» ወይም «ናኖ» በሚል ስም የሚሸጠው ቅባት ነው። በጠብታ ተቀብቶ በጨርቅ የሚታሸው ይህ ፈሳሽ ሲደርቅ የሚተወው ሽፋን ውፍረቱ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍልፋይ የሚቆጠር ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምትቆፍረው ቦይ ከዚህ ሽፋን በብዙ እጥፍ ይጠልቃል። ሆኖም ፈሳሹ የተቀባበት ስልክ በእርሳስ ሲፈተን 9ኤች ያገኛል፤ ከሥር ያለው የስልኩ መስታወት ሳይቀባም በፊት ያንኑ ያገኝ ስለነበረ ነው። «11ዲ»፣ «21ዲ» እያሉ የሚጨመሩት ቁጥሮችም ከዚህ አይሻሉም፤ 2.5ዲ ጠርዙ የተሞረደን፣ 3ዲ ደግሞ ጎኑ የታጠፈን መስታወት ለመለየት የገቡ ሆነው ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች የሚያመለክቱት የቅርጽም ሆነ የጥንካሬ ልዩነት የለም።

የእምነቱ ሦስተኛ ምሰሶ ተለጣፊው መስታወት ከስልኩ መስታወት ይጠነክራል የሚለው ነው። የስልኩ መስታወት፣ ለምሳሌ የኮርኒንግ ኩባንያ ጎሪላ ግላስ፣ አሉሚኖሲሊኬት ከሚባል የመስታወት ዓይነት ተሠርቶ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። በዚያ ሙቀት ከመስታወቱ ገጽ የሶዲየም አዮኖች እየወጡ ከእነሱ የሚተልቁ የፖታሲየም አዮኖች ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ትልልቆቹ በትንሹ ቦታ ሲጣበቡ የመስታወቱ ገጽ በራሱ ላይ ተጨናንቆ ይቀራል። ይህ የተጨናነቀ ንብርብር አንድ ስንጥቅ ሊከፈት ሲል መልሶ የሚዘጋው በመሆኑ መስታወቱ ብዙ ጉዳት ይችላል። ተለጣፊው በእንግሊዝኛ «ቴምፐርድ ግላስ» ተብሎ ቢሸጥም እንደ መኪና የጎን መስታወት በሙቀትና በቅዝቃዜ የተጠነከረ አይደለም፤ ውፍረቱ በአብዛኛው ከሚሊሜትር ሲሶ የማይበልጥ መስታወት ላዩና ውስጡ በተለያየ ፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ማድረግ አይቻልምና። ተጠናክሮ ከሆነ የተጠናከረው ከላይ በተገለጸው በዚያው የጨው ዘዴ ነው፤ ርካሾቹ ደግሞ ከመስኮት መስታወት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነው ሶዳ ላይም ከሚባለው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ተለጣፊው ቢበዛ ከስልኩ መስታወት ጋር ይስተካከላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሱ ያንሳል።

ጥንካሬው ቢጨምር እንኳ ጥበቃው በዚያው ልክ ይጨምራል ማለት አይደለም። ጭረትን መቋቋምና ስብራትን መቋቋም ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ የመጀመሪያው ሹል ነገር ገጹን እንዳይቆፍር የሚከለክል ሲሆን ሁለተኛው የተከፈተ ስንጥቅ እንዳይሮጥ የሚይዝ ነው። ጠንካራ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ተሰባሪም ይሆናል። ሳፋየር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በአሪዞና ግዛት ሜሳ ከተማ ሳፋየር በብዛት የሚመረትበት ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ብዙዎችም ቀጣዩ አይፎን ሳፋየር ለብሶ እንደሚመጣ ጠበቁ። በሴፕቴምበር 2014 የወጣው አይፎን 6 ግን ፊቱ መስታወት ነበር፤ በተከታዩ ወር ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ሳፋየር አሸዋ አይጭረውም፤ ነገር ግን ለማምረት ውድ ነው፣ ከመስታወት ይከብዳል፣ ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል፣ አንድ ጊዜ ስንጥቅ ከጀመረውም ስንጥቁ በቀላሉ አይቆምም። በስልክ ላይ የቀረለት ቦታ እንደ ካሜራ መሸፈኛ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። እውነተኛ የሞስ 9 ያለው ነገር በአምራቾቹ ዘንድ ይህ ዕጣ ከገጠመው፣ በስሙ ብቻ 9 የሆነው የእርሳስ ደረጃ በገዢው ዘንድ የመጨረሻው ዋስትና መባሉ ሊያስገርም ይገባል።

የዚህ እምነት ደጋፊዎች የሚያነሷቸው ሦስት መከራከሪያዎች በቁም ነገር ሊታዩ ይገባቸዋል። አንደኛው ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚለው ነው፤ ይህም እውነት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኤ. ኤ. ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የመስታወት ጉልበት ከቁስ አካሉ ሊጠበቅ ከሚገባው እጅግ የሚያንሰው በገጹ ላይ ባሉ ደቃቅ ስንጥቆች ምክንያት ነው፤ ስንጥቁ በጠለቀ መጠን መስታወቱ በትንሽ ኃይል ይሰበራል። ትናንት በአሸዋ የተቆፈረ ቦይ ስልኩ ነገ በሚወድቅበት ጊዜ የስብራቱ መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ሐቅ ግን የሚያጸናው ጭረትን የመከላከልን አስፈላጊነት እንጂ 9ኤችን አይደለም፤ ጭረቱን የሚያመጣው አቧራ ከሆነ መከላከያውም ከአቧራ ይጀምራል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የገንዘብ ነው። ስክሪን ማስቀየር በኢትዮጵያ ለብዙ ደመወዝተኛ ከወር ገቢው ብዙ የሚወስድ፣ ለአንዳንድ ሞዴል ደግሞ ሌላ ስልክ ከመግዛት የማይተናነስ ወጪ በመሆኑ ለተለጣፊ መስታወት የሚከፈለው ጥቂት ብር እንደ መድን ይቆጠራል። መድን መሆኑ ትክክል ነው፤ መድኑ የምን እንደሆነ ግን መታወቅ አለበት። ስክሪን የሚቀየረው ስለተጫረ አይደለም፤ ስለተሰበረ ነው። ስልክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚመታው ማዕዘኑና ጠርዙ ነው፤ ተለጣፊው ደግሞ በአብዛኛው ጠርዙን አይሸፍንም፤ በማዕዘኑ የገባውን ኃይል ለመቀነስ ስልኩን ዙሪያውን አቅፎ ከስክሪኑ ከፍ የሚል ጠርዝ ያለው ለስላሳ ከቨር ከማንኛውም ተለጣፊ መስታወት ይበልጣል። ስልኩ በግንባሩ ኮረኮንች ወይም አስፋልት ላይ ቢወድቅ የድንጋዩ ሹል ጫፍ በመጀመሪያ የሚያገኘው ተለጣፊውን ስለሚሆን በዚህ ጊዜ ተለጣፊው ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ራሱ ተጎድቶ የሥሩን በማዳኑ ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት ደግሞ ጠንካራ መሆን አይጠበቅበትም፤ መኖሩ ይበቃል። ሦስተኛው፣ ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ሰው ጭረት የሌለበትን ስክሪን በተሻለ ዋጋ ይሸጣል የሚለውም በዚያው መልስ ያልፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተልጦ የሚጣል ርካሽ ሽፋን ለዚህ ዓላማ በውድ ከሚሸጠው እኩል ያገለግላል።

እንዲያውም ተለጣፊ መስታወት የሚጣል ዕቃ መሆኑ ከታወቀ ውዱን የሚያስገዛ ምክንያት አይቀርም። እየተጫረ እንዲለወጥ የተፈጠረን ነገር በአይጫሬነቱ ማወደስ የሥራውን ጠባይ መካድ ነው። ገዢዎችም በተግባር ይህን እያዩ የሚያልፉት ሐቅ ነው፤ በየሱቁ ተለጣፊ ለማስቀየር የሚሄዱት የቀድሞው በጭረት ስለተሞላ ወይም ጠርዙ ስለተሰነጠቀ ሲሆን ባለሙያው አዲሱንም በዚያው በ9ኤች ስም ይለጥፍላቸዋል።

ተለጣፊው ጉዳት የለውም የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። በመለጠፍ ጊዜ አቧራው በሚገባ ካልተነሳ ቅንጣቱ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ታስሮ ይቀራል፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ሙጫ ያለበት ዓይነት በመሐሉ ክፍተት ስለሚተው የጣት ንክኪ ይደክማል። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 በሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10 ላይ የታየው ነው፤ ይህ ስልክ የጣት አሻራን ከስክሪኑ ሥር በድምፅ ሞገድ የሚያነብ ሲሆን አንዳንድ የሲሊኮን ሽፋኖች በላያቸው ያለው ቅርጽ እንደ አሻራ ስለሚነበብ ሽፋኑ የተለጠፈበትን ስልክ የማንም ሰው ጣት ሊከፍተው ቻለ፤ ኩባንያውም ችግሩን አምኖ የሶፍትዌር ማስተካከያ አወጣ። ስክሪኑን ከጭረት አድናለሁ ያለ ሰው ስልኩን ለማንም ክፍት አድርጎ ተወው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ስልክ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። የሚታጠፉ ስልኮች ፊት መታጠፍ ስላለበት የላይኛው ንብርብር አሁንም ፕላስቲክ ነው፤ በእጅግ ስስ መስታወት የተሠሩትም በላዩ የፕላስቲክ ሽፋን ይለብሳሉ፤ ይህም ሽፋን በሞስ 2 እና 3 አካባቢ ባለ ነገር የሚጎዳ፣ ጥፍር የሚያሠጋው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ጋላክሲ ፎልድን ለግምገማ ከተቀበሉት ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ ይህን ንብርብር እንደ ተራ ተለጣፊ ቆጥረው ስለላጡት ስክሪኑ ተበላሸ፤ የስልኩም ሽያጭ እስከ ሴፕቴምበር ተገፋ። በእነዚህ ስልኮች የቁልፍና የሳንቲም ፍርሃት እንደገና ትክክል ይሆናል፤ ትክክል የሚያደርገውም የነገሩ ምንነት ነው፤ ፕላስቲክን የሚመለከት ጥንቃቄ ለመስታወት፣ ለመስታወት የሚበቃውም ለፕላስቲክ በደፈናው ሊሰጥ አይገባም።

ጭረት ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው ምክርም ከዚሁ ደፈናዊነት የመጣ ነው። የጥርስ ሳሙና ቀብቶ ማሸት ጭረት ያጠፋል ይባላል። የጥርስ ሳሙና ጥርስን የሚያጸዳው እንደ ሲሊካና ካልሲየም ካርቦኔት ባሉ ደቃቅ ፈጪ ነገሮች ሲሆን እነዚህ ፕላስቲክን ጥቂት ሊያለሰልሱ ይችሉ ይሆናል፤ የመስታወት ቦይን ለማጥፋት ግን በዙሪያው ያለውን ገጽ ሁሉ እስከ ቦዩ ጥልቀት ድረስ ማውረድ ይጠይቃል፤ ያንን የሚያደርገው መስታወት ሞራጆች የሚጠቀሙበት ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። እሱም ቢሆን መስታወቱን ያጠናከረውን የተጨናነቀ ንብርብር ያሳሳዋል። የጥርስ ሳሙናው ያለ ጥርጥር የሚያነሳው ስክሪኑ የጣት ቅባት እንዳይይዝ ፋብሪካ ውስጥ የተቀባውን ስስ ሽፋን ነው፤ ውጤቱም ጭረቱ በቦታው ኖሮ ስክሪኑ ቶሎ የሚቆሽሽ መሆን ነው።

እንግዲህ ስክሪንን ከጭረት የሚጠብቁት ነገሮች በአብዛኛው የማይገዙ ናቸው። ስልክ ከቁልፍ ጋር ሳይሆን ለብቻው የሚቀመጥበት ኪስ፣ ያም ኪስ አልፎ አልፎ ተገልብጦ ከአቧራው የሚራገፍበት ልማድ፤ ስክሪኑን በግንባሩ አቧራማ ጠረጴዛ ላይ አለመድፋት፤ ከማጽዳት በፊት አቧራውን በእፍታ ማንሳት፤ ከዚያም ደረቅ እጅጌን ትቶ በጥቂቱ በራሰ፣ ንጹሕና ለስላሳ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ሳይጫኑ መጥረግ፤ ጨርቁንም ማጠብ፤ በዚህ ሁሉ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ ከቨር መጨመር ይበቃል። በድንጋይ መፍጫ፣ በሲሚንቶ ሥራ ወይም በአሸዋ በረሃ ውስጥ የሚውል ሰው ርካሽ ተለጣፊ ቢጨምርበት ምክንያት አለው፤ ተለጣፊው ሲጫር ደግሞ ሥራውን ሠርቷልና ይለወጥ። በቢሮና በቤት መካከል የሚመላለስ፣ ስልኩን በለስላሳ ቦርሳ የሚይዝ ሰው ግን ያለ ተለጣፊ ቢውል የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።

ተለጣፊ የሚገዛ ሰውም ከሻጩ ሊጠይቅ የሚገባው የተለየ ጥያቄ ነው። መስታወቱ ከምን ዓይነት መስታወት ተሠራ፣ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ሙጫው ሙሉ ነው ወይስ በጠርዝ ብቻ፣ ከስልኩ የአሻራ ማንበቢያ ጋር ይስማማል ወይ የሚሉት መልስ ያላቸውና በመልሳቸውም ምርጫ የሚለውጡ ጥያቄዎች ናቸው። «9ኤች» ግን ለማንኛውም መስታወት የሚሰጥ በመሆኑ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ የማይለይ ቁጥር ደግሞ ዋጋ ሊጨምር አይገባውም። ሁለት ተለጣፊ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው የአንዱ ዋጋ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ከሌላው ከበለጠ ገዢው ለልዩነቱ የሚከፍለው ስልኩን ከእርሳስ ለመጠበቅ ነው።